«እሱ ረዳት አለው፣ እኔ ማን አለኝ?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአዘዞ ነዋሪ ነኝ፤ የማስተምረው ግን ጎንደር ከተማ ውስጥ ነው። ጥር 24 ቀን እህቴን መናኸሪያ አድርሼ ብቻዬን ወደ ቤቴ እየተመለስኩ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ40 ገደማ ይሆናል፤ ገና አልነጋም። አዘዞ ልገባ ስል ከፊት ለፊቴ ይመጣ የነበረ አይሱዙ ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ግራው ታጥፎ መንገዴን ዘጋው። ፍሬን ያዝኩ፤ አልቆመችልኝም። የቪትዜ አፍንጫ በአይሱዙው ቀኝ ጎን፣ ከበሩ ኋላ ባለው የጭነት ሳጥን ላይ ገባ። ጉልበቴ ትንሽ ከመቁሰሉ በቀር እኔ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ነጂው ወርዶ «እህቴ ይቅር በይኝ፣ አላየሁሽም፤ መኪናሽን አሠራለሁ» አለኝ። ስልኩንም ሰጠኝ። ከዚያ «መንገድ አንዝጋ» ብሎ አይሱዙውን በራሱ በኩል ዳር አስያዘው። ትራፊክ ፖሊስ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ሲደርስ ግን ቃሉ ተለወጠ። «እኔ በመስመሬ ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ መብራት ሳታበራ መጥታ ገባችብኝ» አለ። ረዳቱም እንዲሁ መሰከረ። ሪፖርቱ «ምክንያቱን ለማረጋገጥ አልተቻለም» ይላል። በማግስቱ ሰውየው «ጋራዥ ፈልጊና ዋጋውን ንገሪኝ» የሚል መልእክት በስልኬ ላከልኝ፤ ዋጋውን ስነግረው ግን ስልክ ማንሳት አቆመ።

እኔ ያለኝ የሶስተኛ ወገን ዋስትና ብቻ ነው። የእሱ መድን ድርጅት «ጥፋቱ ስላልታወቀ ግማሹን እንከፍላለን» ብሎ ጽፎልኛል። ጋራዡ የሰጠኝ ፕሮፎርማ 186 ሺህ ብር ነው፤ የአይሱዙው ደግሞ 34 ሺህ ተገምቷል። ለራሴ መድን ድርጅት አላሳወቅኩም፤ ያጠፋው እሱ ነውና። በነጋታው ቦታውን ሄጄ ሳየው በእኔ መስመር ላይ 12 እርምጃ ያህል የፍሬን ምልክት ነበር። በስልኬ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች አትሜ ልኬልዎታለሁ፤ ጨለማ ስለሆኑ ብዙም አይታዩም። የመኪናዬ ላሜራ ሥራ ሰኞ ይጀመራል። ግጭቱን ያየ ሰው የለም። እሱ ረዳት አለው፣ እኔ ማን አለኝ?

መምህርት ነኝ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ይህ እትም እስኪወጣ አልጠበቅኩም። ደብዳቤው ላይ በነበረው ቁጥር ደውዬ «ሰኞ ላሜራ ሠሪው መኪናዋን በመዶሻ እንዳይነካት» አልኳቸው። ደግነቱ እሺ አሉኝ። የቀረውን ግን በጽሑፍ ይያዙት ብዬ ነው።

መምህርት፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው አዘንኩልዎ። ሁለተኛ ሳነበው መቁጠር ጀመርኩ። ለ27 ዓመት የተጋጩ መኪኖችን ጉዳት ስገምት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ «ምስክር የለኝም» ብሎ ይህን ያህል ምስክር የጠራ ደብዳቤ ብዙ አልገጠመኝም።

ከአይሱዙው ልጀምር። ነጂው «በመስመሬ ላይ ቆሜ ነበር» ይላል። እኛ አገር የሚነዳው በቀኝ ነው። ከአዘዞ ወደ ከተማ የሚወጣ መኪና በመስመሩ ላይ ከቆመ ግራ ጎኑ የመንገዱን መሃል፣ ቀኝ ጎኑ የመንገዱን ዳር ያያል። የተመታው ደግሞ ቀኝ ጎኑ ነው። እንግዲህ የእሱን ቃል እንመን ካልን፣ እርስዎ ከከተማ ወደ አዘዞ እየወረዱ መስመሩን በሙሉ አቋርጠው፣ ቦይ ውስጥ ገብተው፣ ዞረው በመንገዱ ዳር በኩል መጥተው የጭነት ሳጥኑን መምታት ነበረብዎት። ቪትዝ ይህን አታደርግም። ሄሊኮፕተርም ቢሆን ይቸገራል። ቀኝ ጎኑ ወደ እርስዎ ሊዞር የሚችለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ወደ ግራው ታጥፎ መስመርዎን ሲያቋርጥ። ወደ ግራ የሚታጠፍ ደግሞ ከፊት ለፊቱ ቀጥታ ለሚመጣው ቅድሚያ መስጠት አለበት፤ ይህን ለመንጃ ፈቃድ የተቀመጠ ሁሉ ተፈትኖበታል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልግዎ የአይሱዙው ጉዳት በወረቀት ላይ መስፈሩ ነው። በፖሊስ ሪፖርቱ ላይ የሁለቱም ተሽከርካሪዎች ጉዳት መጻፍ አለበት፤ ግልባጩን አውጥተው «ቀኝ» የሚለው ቃል መኖሩን ያረጋግጡ። «የጎን ጉዳት» ብቻ ብሎ ካለፈው የትኛው ጎን እንደሆነ እንዲብራራ በማመልከቻ ይጠይቁ። 34 ሺህ ብር ብሎ የገመተው ባለሙያም መኪናውን ፎቶ ሳያነሳ አልገመተም። ያ ፎቶ ግማሽ እከፍላለሁ ባለው ድርጅት መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል። ሲጽፉላቸው «የራሳችሁን የግምት ፎቶ ተመልከቱ» በሏቸው። እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ ከዚህ የበለጠ የሚያሳፍረኝ ደብዳቤ አልነበረም።

ወደ መንገዱ እንሂድ። ትራፊኩ ፕላን ያነሳው አይሱዙው ዳር ከያዘ በኋላ ስለሆነ የመኪኖቹ አቋቋም የተሳለው እንደ ነጂው ፈቃድ ነው። ዳር የማይዝ ነገር ግን አለ። ሁለት መኪኖች ሲላተሙ ፓራፋንጎ ሥር የተጠራቀመው አቧራና የደረቀ ጭቃ በቅጽበት ይራገፋል፤ የሚወርደውም እዚያው ግጭቱ በደረሰበት ቦታ ነው። መስታወት ሊፈናጠር ይችላል፤ የጭቃ ቅርፊት ግን ሩቅ አይሄድም። ከላኩልኝ ፎቶዎች ሦስተኛውን በማጉያ መነጽር አየሁት። በቀኝ ጥጉ፣ ከመንገዱ ዳር ጥቂት ገባ ብሎ፣ ጠቆር ያለ ክምር ይታያል፤ አጠገቡ የመብራት ምሰሶ እግር አለ። ያ ክምር በእርስዎ መስመር ላይ ነው። ምሰሶው ዛሬም እዚያው ስለቆመ ርቀቱን በሜትር መለካት ይቻላል። ፎቶው ጨለማ ቢሆንም አይጣሉት፤ በኮምፒውተር ሲያደምቁት ብዙ ነገር ይወጣል። ዋናው ፋይል ግን ስልክዎ ላይ እንዳለ ይቆይ። ለሰው መላክ ካለብዎ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ የተነሳበትን ሰዓት የያዘው መረጃም አብሮ ይጠፋል።

የፍሬን ምልክቱን 12 እርምጃ ብለዋል፤ ወደ 9 ሜትር ልያዘው። በደረቅ አስፋልት 9 ሜትር የተጎተተ ጎማ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄድ እንደነበር ይናገራል። ግን እውነቱን ልንገርዎ፦ ምልክቱ ያበቃው መኪናዋ ቆማ ሳይሆን ተጋጭታ ነው፤ ስለዚህ ፍጥነትዎ ከ40 ይበልጥ ነበር። እነሱም ይህን ማስላት አያቅታቸውም። ይህ ማስረጃ በሁለት በኩል ይቆርጣል፤ ቢሆንም ያቅርቡት። ምልክቱ በየትኛው መስመር ላይ እንዳለ የሚናገረው ስለ ፍጥነት ከሚናገረው ይበልጣል። በሰዓት 40 የሚሄድ ሰው በአንዲት ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ዓይን አይቶ እግር ፍሬን እስኪረግጥ ያቺ ሰከንድ ታልፋለች። ምልክቱ የጀመረበት ቦታ ላይ ቢያንስ 11 ሜትር ወደ ኋላ ቢጨምሩ አደጋውን ያዩበትን ቦታ ያገኙታል። እዚያ ቆመው ወደ ታጠፈበት መንገድ አቅጣጫ ፎቶ ያንሱ።

አሁን ላሜራ ሠሪውን ወዳስቆምኩበት ጉዳይ እመጣለሁ። ነጂው «መብራት አላበራችም» ብሏል። ከፊት መብራቶችዎ ውስጥ ያለው አምፖል ይህን ጥያቄ ይመልሳል። በርቶ የጋለ የአምፖል ሽቦ ሲላተም እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ ይጣመማል። ያልበራ ቀዝቃዛ ሽቦ ግን ወይ እንዳለ ይቆያል፣ ወይ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። መስታወቱ በርቶ ሳለ ከተሰበረ ደግሞ አየር ስለሚያገኘው ሽቦው ላይ ነጭ ወይም ቢጫማ ብናኝ ይቀራል። ይህ የሚሠራው ሽቦ ባላቸው አምፖሎች ነው፤ በአዲሶቹ ኤልኢዲ መብራቶች አይሠራም። የእርስዎ ቪትዝ አሮጌ መሆኗ ለዛሬ ጠቀመ። አምፖሎቹን «ይሠሩ ይሆን?» ብለው እንዳያበሩ። ጋራዡ ውስጥ ሁለት ሰው ባለበት፣ ከነቦታቸው ፎቶ ተነስተው ይፈቱ፤ ግራና ቀኝ ተብሎ ይጻፍባቸው፤ በጥጥ ተጠቅልለው ይቀመጡ። የአይሱዙውም የፍሬቻ አምፖል ይኸው ምስጢር አለው፤ እሱ ግን የቆሰለው ጎኑ ላይ ስለሆነ ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም።

ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው እንዴት እንደተሸነፍኩ ልንገርዎ፤ ሳቁብኝ። ከዓመታት በፊት ሳሙና በር አካባቢ አንድ ሚኒባስ ከኋላ መጥቶ የመኪናዬን ግራ ጎን ፋቀኝ። የእሱ ቀለም በእኔ በር ላይ፣ የእኔ ቀለም በእሱ ፓራውልት ላይ ነበር፤ የፍቀቱ አቅጣጫ ከኋላ ወደ ፊት እንደሄደ በጣት ይዳሰስ ነበር። እኔም ተማምኜ «ነገ እጽፈዋለሁ» ብዬ ተኛሁ። ነገሩ የሆነው በከተራ ዋዜማ ነው። በጎንደር ለጥምቀት እንግዳ ሲመጣ ቤቱም ሰውም መኪናውም ይታጠባል። ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጠውና፣ አባቱን ደስ ለማሰኘት መኪናዋን በሳሙና አጥቦ፣ በሩን በሰም ወልውሎ ጠበቀኝ። የሌላው ሰው ቀለም የለም። ሚኒባሱም እንግዳ ሊጭን ጠዋት ታጥቧል። ለሰው ሲገምት የኖረ ሰውዬ በግማሽ ተገመተ፤ የሥራ ባልደረቦቼ እስከ ፋሲካ ቀለዱብኝ። ከዚያ ወዲህ የተጋጨ መኪና ሲታጠብ ሳይ ሆዴን ያመኛል።

ወደ ሰዎች ልመለስ። ግጭቱን ያየ የለም ብለዋል። ግጭቱን ያላየ ሰው ግን ምንም ነገር አላየም ማለት አይደለም። ደብዳቤዎ ላይ ቀኑን ሳነብ ቆም አልኩ፤ ጥር 24። የተክለ ሃይማኖት በዓል! እዚያው አዘዞ ተክለ ሃይማኖት እያለ፣ በዚያ ሰዓት ነጠላውን አጣፍቶ ለቅዳሴ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ላይ አልነበረም ሊሉኝ ነው? የግጭት ድምፅ ሲሰማ ሕዝባችን ሳይጠጋ አያልፍም። አይሱዙው ዳር ሳይዝ መንገድዎን ዘግቶ እንደቆመ ያየ አንድ ሰው ቢገኝ፣ ወይም «አላየሁሽም፣ አሠራለሁ» ሲል የሰማ፣ ረዳቱን የሚያክል ምስክር ሆነልዎ ማለት ነው። እንዲያውም ይበልጣል፤ የማንም ተቀጣሪ አይደለምና። በሚቀጥለው 24 በዚያው ሰዓት እዚያው ቦታ ቆመው ይጠይቁ። በየወሩ የሚመጡት እነዚያው ናቸው። ሲያገኙ ግን የሚሉትን አያስጠኗቸው፤ ስማቸውንና ስልካቸውን ይዘው ፖሊስ ዘንድ ተጨማሪ ቃል እንዲሰጡ ይጠይቁ።

«ጋራዥ ፈልጊና ዋጋውን ንገሪኝ» የሚለውን መልእክት ደግሞ በአንድ መስመር አልፈውታል። እኔ ብሆን በትልቁ እጽፈው ነበር። ቆሜ ሳለሁ ገባችብኝ የሚል ሰው በማግስቱ የጋራዥ ዋጋ አይጠይቅም። መልእክቱን አያጥፉ፤ ቁጥሩና ቀኑ እንዲታይ አድርገው ፎቶ ያንሱት፤ ስልኩንም ለጊዜው አይቀይሩ። ካሜራን በተመለከተ፣ በአቅራቢያው የነዳጅ ማደያ ወይም ባንክ ቢኖር እንኳ እስካሁን በላዩ ላይ ሌላ ተቀርጿል። እንዲህ ያለው የሚጠየቀው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።

አሁን ስለ «ግማሹ»። መድን ድርጅቱ ይህን ከኪሱ አላወጣውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገምታል፤ የጠቅላላው ጉዳት ግማሽም በየባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ጠቅላላ የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። የእርስዎ 186 ሺህና የእሱ 34 ሺህ ሲደመር 220 ሺህ ነው፤ የእያንዳንዱ ድርሻ 110 ሺህ። እሱ ለእርስዎ 93 ሺህ ሲከፍል እርስዎ ለእሱ 17 ሺህ ይከፍላሉ ማለት ነው። ይህን 17 ሺህ የሚሸፍንልዎ የራስዎ የሶስተኛ ወገን ዋስትና ነው፤ ግን ለመድን ድርጅትዎ አላሳወቁም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣዎት። የንግድ ሕጉ መድን የገባ ሰው አደጋውን እንዳወቀ፣ ቢዘገይ በአምስት ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዛል። «ያጠፋው እሱ ነው» የሚለው ምክንያት አይሆንም፤ ማን እንዳጠፋ ገና እየተከራከራችሁ ነዋ! ዛሬውኑ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የዘገዩበትንም ምክንያት ሳይሸሽጉ ይግለጹ።

የዚያው አንቀጽ ንዑስ ቁጥር 3 ደግሞ ለእርስዎ የተጻፈ ይመስላል። አደጋው የደረሰው ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ነጂ ጥፋት መሆኑ ከተረጋገጠ የግማሽ ግማሹ ግምት ይቀራል። «በአብዛኛው» ይላል። ንጹሕ መልአክ መሆንዎን እንዲያስረዱ ማንም አልጠየቀዎትም። ፍጥነትዎ ትንሽ በዝቶ ቢገኝ እንኳ መስመር ያቋረጠው ሰው ጥፋት ሚዛን ከደፋ ይበቃል። የፍትሐ ብሔር ክርክር በሚዛን ነው የሚታየው።

የመድን ድርጅቱ ደብዳቤም የዳኛ ፍርድ አይደለም፤ የተከራካሪ ወገን አስተያየት ነው። ከላይ የዘረዘርኩትን በሁለት ገጽ ጽፈው፣ ፎቶዎቹን በቁጥር አያይዘው፣ ለካሣ ክፍሉ ኃላፊ ያስገቡ፤ በግልባጩ ላይ የገቢ ማኅተም ያስመቱ። መጀመሪያ የጎኑን ነገር ይጻፉ፤ ስለ ይቅርታው መጨረሻ ላይ። ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ይጽፋል፤ «ይቅርታ ጠይቆኝ ካደ» ብሎ በቁጣ ሲጀምር አንባቢው ይሰለቻል። እምቢ ካሉ መድን ድርጅቶችን ለሚቆጣጠረው ለብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ይችላሉ፤ ፍርድ ቤትም አለ። ክስ ሲመሠርቱ የመኪናውን ባለቤት አይርሱ፤ በአንቀጽ 2081 መሠረት ባለቤቱ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። የሶስተኛ ወገን ሽፋን ጣሪያ ስላለው ባለቤቱ ያስፈልግዎታል፤ አዋጅ ቁጥር 799 በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 100 ሺህ ብር ነበር። በአይሱዙው ውል ላይ የሰፈረውን ጣሪያ ይጠይቁ፤ ከዚያ የሚተርፈው ከባለቤቱ ይፈለጋል። ለክሱ ያለዎት ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንስቶ ሁለት ዓመት ነው። ነጂው በትራፊክ ወንጀል ተከሶ በነጻ ቢለቀቅም አይደንግጡ፤ የካሣውን ክርክር የሚያየው ፍርድ ቤት በዚያ አይታሰርም።

አምፖሎቹን ግን ዛሬ ያስፈቱ።

ጥያቄ፦ ማራኪ አካባቢ አንድ ባጃጅ የመኪናዬን የፊት ጎማ መታኝ። ልጁ ምስኪን ስለሆነ ሰፈር ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች አስማሙን፤ 4 ሺህ ብር ሰጠኝና ተለያየን። በሳምንቱ መሪው ወደ ቀኝ መጎተት ጀመረ። አሁን የባጃጁን መድን ድርጅት መጠየቅ እችላለሁ?

ከማራኪ

መልስ፦ ሽምግልናውን አልነቅፍም፤ እኔም ስንቱን አስታርቄያለሁ። ግን ሽማግሌ ጎማ ሥር ገብቶ አያይም። የመጀመሪያው ጥያቄ የፈረሙት ወረቀት ምን ይላል የሚለው ነው። «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ከሆነ ስምምነቱ ይጸናብዎታል፤ ማፍረሱ ቀላል አይሆንም። ወረቀቱ «ለፓራፋንጎ ማሠሪያ» ብሎ ከለየው፣ ስላልተነካው ጉዳት የመናገር በር አለዎት። ምንም ካልተጻፈ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ስለምን እንደተስማማችሁ ይመሰክራሉ፤ ሳይረሱት ይጠይቋቸው።

የባጃጁ መድን ድርጅት ግን ሌላ ነገር ይላል። በተለመደው የመድን ውል ውስጥ መድን የገባው ሰው ድርጅቱ ሳያውቅ ጥፋት እንዳያምን፣ እንዳይስማማ የሚከለክል ቃል አለ። ስለዚህ ልጁ በደግነት የሰጠዎት 4 ሺህ ብር እሱኑ ከሽፋን ሊያስወጣው ይችላል። ከመሄድዎ በፊት ከልጁ ጋር ይነጋገሩ፤ አብራችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ጉዳቱን የሚያሳይ የጎማ አሰላለፍ ምርመራ ወረቀትም ይያዙ፤ መሪ በሌላ ጉድጓድም ይጣመማልና፣ የጎንደርን ጉድጓድ እኔም እርስዎም እናውቀዋለን። እስከዚያው መሪው እየጎተተ ወደ አዘዞ ቁልቁለት አይውረዱባት።